ማይክሮ አር ኤን ኤ ለምታጠኑ ልጆቼ

እኛ ስንማር ነገሩ አጭር ነበር። ዲ ኤን ኤ መመሪያውን ይይዛል፣ አር ኤን ኤ ያደርሳል፣ ሥራውን ፕሮቲን ይሠራዋል። ከሰው ዲ ኤን ኤ ውስጥ የፕሮቲን መመሪያ የያዘው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። የቀረውን ብዙዎች «ቆሻሻ» ይሉት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1993 ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭከን በአንዲት ሚጢጢ ትል ላይ ማይክሮ አር ኤን ኤ የተባለ በጣም አጭር አር ኤን ኤ ይፋ አደረጉ። ፕሮቲን አይሠራም፤ የሌላውን ጂን ሥራ ግን ይገታል። ኖቤል የተሸለሙት በ2024 ነው።

ከካንሰር ጋር ያለው ዝምድና የታየው በ2002 ነው። የካርሎ ክሮቼ ቡድን በአንድ የደም ካንሰር ዓይነት ከ13ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚጎድለውን ቁራጭ ሲመረምር ሚር-15 እና ሚር-16 የተባሉ ሁለት ማይክሮ አር ኤን ኤዎችን አገኘ። እነዚህ ሁለቱ ሕዋስ እንዳይሞት የሚያደርገውን ቢ ሲ ኤል 2 የተባለ ፕሮቲን ይገታሉ። እነሱ ሲጠፉ መሞት የነበረበት ሕዋስ በሕይወት ይቆያል።

ማይክሮ አር ኤን ኤ በደም ውስጥ ሳይፈራርስ ስለሚቆይ ለምርመራ ትልቅ ተስፋ ተጥሎበታል። እኔም ተስፋ አደርጋለሁ። ግን አደራ፣ ከናሙናው ጀምሩ። ሚር-16 እና ሚር-451 በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ሞልተዋል። ደሙ ሲቀዳ ወይም ሲቀመጥ ሕዋሳቱ ከፈረሱ ወደ ፕላዝማው፣ ማለትም ወደ ደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ይፈስሳሉ። ያኔ ከዕጢው የመጣ የመሰላችሁ ቁጥር ከመርፌው የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደም ከሚቀዱት ባለሙያዎች ጎን ቁሙና እዩ። ቱቦው ከተቀዳ ስንት ሰዓት እንደቆየ ጻፉ። ፕላዝማው ከቀላ አትለፉት። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ። ጥናቱ የሚቆመውም የሚወድቀውም ግን እዚያ ነው።

ጥያቄያችሁንም አጥብቡ። ለምሳሌ፣ ፒ ሲ ኤ 3 የተባለ ረጅም አር ኤን ኤ በሽንት ይለካል። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ምርመራውን በ2012 ፈቅዷል። የፕሮስቴት ናሙናቸው ካንሰር ያላሳየ ወንዶች እንደገና ናሙና መስጠት ያስፈልጋቸው እንደሆነ ለመወሰን ይረዳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሐኪሙ ግን ሊጠቀምበት ይችላል።

ሕክምናው ከዚህ ይከብዳል። ኤም አር ኤክስ 34 ካንሰርን የሚገታውን ሚር-34ን የሚተካ መድኃኒት ነበር። አይጦች ላይ ተስፋ ሰጥቶ በ2013 ወደ ሰው ሙከራ ገባ። በ2016 ግን ከበሽታ መከላከያ ሥርዓት ጋር በተያያዘ ከባድ ጉዳት ምክንያት ቆመ። አራት ሕመምተኞች ሞተዋል። ተመራማሪዎቹ ውጤቱን አሳትመውታል። የአይጦቹን ከማንበባችሁ በፊት እሱን አንብቡ።