መጠኑን ብንጨምርም የድመታችን ስኳር አልወርድ አለ

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ወንድ ድመት አለን፤ ስሙ አመዴ ነው። የስኳር በሽታ እንዳለበት ከታወቀ ወራት አልፈዋል። ግላርጂን የሚባለውን ኢንሱሊን ጠዋትና ማታ 1 ዩኒት እየወጋን ጀመርን። ለምርመራ በወሰድነው ቁጥር ስኳሩ ከ400 በላይ ስለሚሆን በየሁለት በየሦስት ቀኑ እየጨመርን አሁን 5 ዩኒት ደርሰናል። ክብደቱ ከ6 ኪሎ ወደ 5 ወርዷል። ውኃ ሲጠጣ ይውላል፣ ሽንቱ በዝቷል፣ ሲራመድም የኋላ እግሮቹን ተረከዝ መሬት ያስነካል። የሚበላው ደረቅ የድመት ምግብ ነው፤ ሳህኑም ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ሌላ ሕመም የለበትም። ቆዳውን ስለሚያሳክከው ብቻ በየሁለት ወሩ አንድ መርፌ ይወጋል፤ ሰሞኑን ደግሞ አፉ ይሸታል። ባለቤቴ «6 እናድርገው» ይላል፣ እኔ ግን ፈራሁ። የሚዋጥ መድኃኒት መጥቷል ሲባልም ሰምቻለሁ። ምን ይመክሩናል?
የአመዴ አሳዳጊ

መልስ፦ መፍራትዎ ተገቢ ነው። እባክዎ ወደ 6 አይሂዱ። 5 ኪሎ የሚመዝን ድመት በቀን 10 ዩኒት እየወሰደ ስኳሩ አልወርድ ካለ፣ ኢንሱሊኑን የሚታገል ነገር አለ ማለት ነው፤ ወይም ኢንሱሊኑ ጭራሹን ሰውነቱ ውስጥ እየገባ አይደለም። ይህ ሳይጣራ መጠን መጨመር አደገኛ ነው።

ደብዳቤዎን ሳነብ ዓይኔ የቆመው «በየሁለት ወሩ አንድ መርፌ» የምትለዋ ላይ ነው። እርስዎ በቁም ነገር አላነሷትም፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማጣራው እሷን ነው። ለድመት ማሳከክ የሚሰጥና ውጤቱ ለሳምንታት የሚቆይ መርፌ ብዙውን ጊዜ የስቴሮይድ ዓይነት ነው፤ ሜቲልፕሬድኒሶሎን አንዱ ነው። ስቴሮይድ ጉበት ተጨማሪ ስኳር እንዲያመርት ይገፋፋል፣ ጡንቻና ስብ ደግሞ ለኢንሱሊን እንዳይታዘዙ ያደርጋል። እናንተ ጠዋትና ማታ ስኳሩን ወደ ታች ስትስቡ መርፌው ሌት ተቀን ወደ ላይ እየሳበው ይሆናል። አንዴ ከተወጋ በኋላ ደግሞ መልሶ የሚያወጣው የለም፤ ኃይሉ በራሱ ጊዜ እስኪያልቅ መጠበቅ ግድ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝም ይኸው ማለቁ ነው። የስቴሮይዱ ኃይል እየደከመ ሲሄድ የአመዴ ሰውነት ኢንሱሊኑን እንደገና መስማት ይጀምራል። ያን ጊዜ ትናንት ምንም ያላደረገው 5 ዩኒት ስኳሩን በአንድ ሌሊት ሊጥለውና ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ዛሬውኑ መርፌውን ለሚሰጡት ሐኪም ደውለው የመድኃኒቱን ስምና የመጨረሻውን ቀን ይጠይቁ። ስቴሮይድ ከሆነ ቀጣዩ ቀጠሮ ይቅር፤ የኢንሱሊኑን መጠን መቼና በምን ያህል መቀነስ እንዳለባችሁም ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። ማሳከኩ በሌላ መንገድ ይታከማል። ቁንጫ ካለ ቁንጫውን ማጥፋት፣ የምግብ አለርጂ ከሆነ ምግቡን በሐኪም ክትትል መቀየር ይቻላል፤ ስቴሮይድ ያልሆኑ መድኃኒቶችም አሉ። ስቴሮይዱን በመርፌ ሳይሆን በክኒን እየወሰደ ከሆነ ግን በአንድ ጊዜ አይቁረጡት፤ ቀስ በቀስ የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ ነው።

አሁን ወደ 400 እንምጣ። ጤነኛ ድመት እንኳ በቅርጫት ታስሮ፣ በመኪና ተንገላቶ፣ የውሻ ድምፅ እየሰማ ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ በድንጋጤ ብቻ ስኳሩ ከ300 ሊያልፍ ይችላል። በእርግጥ የአመዴ ጥማትና ክሳት ስኳሩ እውነትም ከፍ ማለቱን ይነግሩናል፤ ሁሉም የድንጋጤ ውጤት ነው አልልዎትም። ነገር ግን ክሊኒክ ውስጥ የተገኘ አንድ ቁጥር የመጠን መወሰኛ መሆን የለበትም። ፍሩክቶሳሚን የሚባለው የደም ምርመራ ያለፉትን አንድ ሁለት ሳምንታት አማካይ ስለሚያሳይ የቀኑ ድንጋጤ አይለውጠውም፤ እሱን ያሠሩለት።

ከዚያ ቤት ውስጥ መለካት ይማሩ። ሰው ሁሉ ይህን ሲሰማ ይሸሻል፤ አብዛኛው ድመት ግን ባለቤቱ ከሚገምተው በላይ ይታገሣል። ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ጨምቀው ጆሮውን ጥቂት ያሙቁት። የጆሮውን ጠርዝ ተከትሎ የሚሄድ ቀጭን የደም ሥር ይታይዎታል፤ የሚወጋው በእሱና በጠርዙ መካከል ያለው ጠባብ ቦታ ነው። ከጆሮው ጀርባ የታጠፈ ጥጥ ይደግፉ፣ ቶሎ ወግተው ጠብታዋን መለኪያው እንዲስባት ያስጠጉ፣ ከዚያ ቦታውን በጥጥ ጫን አድርገው ይያዙ። ወዲያው የሚወደውን ነገር ቢያቀምሱት በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ ይመጣል። ለሰው የተሠራ መለኪያ የድመትን ደም ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው አሳንሶ ስለሚያነብ ለእንስሳት የተዘጋጀው ይመረጣል። አንድ ቀን ይምረጡና ከጠዋቱ መርፌ ጀምሮ በየ2 ሰዓቱ እስከ ማታው መርፌ፣ ማለትም ለ12 ሰዓት ይለኩ፤ ይጻፉትም። በዋናነት የምንፈልገው ዝቅተኛውን ቁጥር ነው። ከ80 እስከ 150 ሚሊግራም በዴሲሊትር ቢሆን ደስ ይለናል። ከ80 ከወረደ፣ ጠዋት 400 ቢሆን እንኳ፣ መጠኑ በዝቷልና ሐኪሙ መቀነስ ይኖርበታል። አንዳንድ ድመት ስኳሩ በጣም ሲወርድ ሰውነቱ ደንግጦ መልሶ ሽቅብ ይሰደዋል፤ ይህ ምን ያህል እንደሚያጋጥም ባለሙያዎች ባይስማሙም ዝቅተኛውን ቁጥር ሳያዩ መጨመር አይገባም። ሌላው ችግር ፍጥነታችሁ ነው። ግላርጂን አዲስ መጠን ላይ ለመርጋት ከ5 እስከ 7 ቀን ይፈልጋል። በየሁለት በየሦስት ቀኑ ስትጨምሩ የቀደመው መጠን ምን እንዳደረገ የማየት ዕድል አላገኛችሁም።

እግረ መንገድዎን ሲሪንጁን ይመልከቱ። ግላርጂን በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ዩኒት አለው፤ ለእንስሳት የሚዘጋጁ በርካታ ኢንሱሊኖች ግን 40 ናቸው። የ40ውን ሲሪንጅ ለግላርጂን ከተጠቀማችሁ ከታሰበው ሁለት እጥፍ ተኩል ትሰጣላችሁ። ሲሪንጁ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከብልቃጡ ጋር መመሳሰል አለበት። ፈሳሹ እንደ ውኃ ጥርት ያለ ካልሆነ፣ በረዶ ሆኖ ከነበረ ወይም ቀኑ ካለፈ ይጣል። ከወጉ በኋላ ፀጉሩን ይዳብሱ፤ ከረጠበ መድኃኒቱ ውጭ ፈስሷል። ያን ጊዜ ግን ደግመው አይውጉ፤ ቀጣዩን ሰዓት ይጠብቁ።

የአፉን ሽታ በሁለት መንገድ አየዋለሁ። የበሰበሰ ነገር ከሸተተ ጥርሱና ድዱ መታየት አለባቸው፤ የተደበቀ ኢንፌክሽን ብቻውን ስኳርን ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ የሽንት ኢንፌክሽንም እንዲሁ፣ ስለዚህ ሽንቱ ካልቸር (ባክቴሪያ መኖሩን አሳድጎ የሚያሳይ ምርመራ) ይደረግ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ከሆነ፣ በተለይ ምግብ እምቢ ካለ፣ ካስመለሰው ወይም ከደከመ ግን ኬቶን (ሰውነት ስኳሩን መጠቀም አቅቶት ስብ ሲያቃጥል የሚፈጠር አሲድ) ተጠራቅሞ ሊሆን ስለሚችል ይህን መጽሔት አስቀምጠው አሁኑኑ ወደ ሐኪም ይሂዱ። በዚህ ዕድሜ እየበላ ስለሚከሳም ታይሮይዱ ይመርመር። ይህ ሁሉ ተጣርቶ ስኳሩ አሁንም ካልወረደ፣ ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ የዕድገት ሆርሞን ከልክ በላይ እያመነጨ እንደሆነ ለማወቅ አይጂኤፍ 1 የተባለውን፣ የዕድገት ሆርሞን ሲበዛ አብሮ ከፍ የሚለውን ንጥረ ነገር በደም ውስጥ የሚለካ ምርመራ ይታዘዛል። ነገሩ እንደሚታሰበው ብርቅ አይደለም። ብሪታንያ ውስጥ ተሠርቶ በ2015 በታተመ ጥናት፣ የስኳር በሽታ ካለባቸው 1,221 ድመቶች በ319ኙ ላይ አይጂኤፍ 1 በጣም ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ግን እነዚህ ድመቶች ብዙ ጊዜ ክብደት ይጨምራሉ እንጂ እንደ አመዴ አይከሱም፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ አይደለም።

የሳህኑ ሁልጊዜ መሙላት ብዙም አያስጨንቀኝም፤ የደረቁ ምግብ ስታርች ግን ያስጨንቀኛል። ሥጋና ፕሮቲን የበዛበት፣ ካርቦሃይድሬቱ ያነሰ እርጥብ የድመት ምግብ ይሻለዋል። ይሁንና ምግቡ ሲቀየር ስኳሩ በፍጥነት ሊወርድ ስለሚችል፣ 5 ዩኒት ላይ ሆናችሁ ሳትለኩና ለሐኪሙ ሳትነግሩ እንዳትቀይሩ። ከተንገዳገደ፣ ዓይኑ ከፈዘዘ ወይም ካንቀጠቀጠው ስኳሩ ወርዷል ብለው ያስቡ። መብላት ከቻለ ያብሉት፤ ካልቻለ ማር ወይም ሽሮፕ ድዱ ላይ ቀብተው ይሩጡ። ምግብ እምቢ ባለበት ቀንም ሐኪሙን ሳያማክሩ ኢንሱሊን አይውጉት።

የሰሙት የሚዋጥ መድኃኒት እውነት ነው። ቤክሳግሊፍሎዚን የተባለው ክኒን በአሜሪካ ታኅሣሥ 2022፣ ቬላግሊፍሎዚን የተባለው ፈሳሽ ደግሞ በነሐሴ 2023 ተፈቅደዋል (ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር)። ስኳርን በኩላሊት በኩል በሽንት ያስወጣሉ። የተፈቀዱት ግን ኢንሱሊን ጀምረው ለማያውቁ ድመቶች ነው፤ የስኳሩ ቁጥር ጥሩ እየመሰለ እንኳ ኬቶን ሊያጠራቅሙ ይችላሉ። ለአመዴ አይሆኑም።

እግሩን በተመለከተ፣ ተረከዙን መሬት የሚያስነካው ከፍ ያለው ስኳር ነርቩን ስለጎዳው ነው። ስኳሩ ከተስተካከለ በወራት ውስጥ ሊሻለው ይችላልና ተስፋ አይቁረጡ።

ሲመቻችሁ የመርፌውን ስም፣ የተሰጠባቸውን ቀኖችና የ12 ሰዓቱን ቁጥሮች ይላኩልኝ። በተለይ የማሳከኩ መርፌ የስኳር በሽታው ከመታወቁ በፊት ተጀምሮ ከነበረ ንገሩኝ። መነሻው መርፌው ከሆነ፣ እሱ ቆሞ ስኳሩ ቶሎ ከተያዘ፣ አመዴ ኢንሱሊን ከማያስፈልጋቸው ድመቶች አንዱ የመሆን ዕድል አለው።