ሰርኔም ላይ የአባቴን ስም ሞልቼ የደረሰብኝ

እህቴ፣ «ሰርኔም ማለት የአባት ስም ነው ወይስ የአያት? የእንግሊዝኛ ፈተና ምዝገባ ላይ ምን ልሙላ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። «የአባት ስም ነው፣ አትጨነቂ» ያሉሽን እባክሽ አትስሚ። እኔም እንደዛ ተብዬ ነው ገንዘቤን ያስበላሁት።

1. ሰርኔም በትርጉሙ የአባትም የአያትም ስም አይደለም፤ የቤተሰብ ስም ነው። ላስት ኔም፣ ፋሚሊ ኔም ቢሉሽም ያው ነው። ጆንሰን የሚባለው ስም ድሮ «የጆን ልጅ» ማለት ነበር። በኋላ ስሙ እዚያው ረጋና ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሳይለወጥ መተላለፍ ጀመረ። የእኛ ግን አይረጋም። እዚሁ ጎንደር ግቢያቸውን የምናየውን ነገሥታት አስቢ። የፋሲል ልጅ ዮሐንስ ነው፣ የዮሐንስ ልጅ ኢያሱ። በየትውልዱ ከስም ቀጥሎ የሚጠራው ይቀየራል። ፈረንጅ ጥሩነሽ ዲባባንና ገንዘቤ ዲባባን ሲሰማ ዲባባ የዘር ስማቸው ይመስለዋል። ዲባባ አባታቸው ነው። ዘመዳቸው ደራርቱ ደግሞ ቱሉ ናት። ስለዚህ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ፎርሙ ግን አለሽ ብሎ ይጠይቅሻል።

2. ፎርሙን ከመሙላትሽ በፊት ፓስፖርትሽን ክፈቺ። እኔ ይህን አላደረግኩም። እዚሁ ጎንደር ፒያሳ አንድ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ፣ የቤቱ ልጅ «የአባትሽን አስገቢ» አለኝ፣ አስገባሁ። የአያቴን ስም ጭራሽ አልጻፍኩም። ፓስፖርቴ ላይ ግን ሰርኔም ከሚለው ስር ያለው የአያቴ ስም ነው። የእኔና የአባቴ ስም አንድ ላይ ጊቭን ኔም በሚለው በሌላኛው መስመር ነው የተጻፈው።

ፈተናው አዲስ አበባ ነበር። ከአዘዞ በአውሮፕላን ሄድኩ፣ ሁለት ሌሊት አልጋ ያዝኩ። ጠዋት በር ላይ አንዷ ፓስፖርቴንና ዝርዝሩን አስተያየችና «ይሄ ያንቺ ስም አይደለም» አለችኝ። ላስረዳት ስጀምር ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ «እንግሊዝኛ ልትፈተኚ መጥተሽ ሰርኔም አታውቂም?» አለች። ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩ ሴት ነኝ። ተማሪዎቼን አንድም ቀን እንደዛ ተናግሬ አላውቅም። ሕጉ ሕግ ነው፣ መመለሷን እቀበላለሁ። ያ አነጋገር ግን እስከዛሬ ያንገበግበኛል። የፈተናው ገንዘብ አልተመለሰም። እስክደግመው ድረስም የስኮላርሺፑ ማመልከቻ ቀን አለፈ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ጠበቅኩ።

ቃሉን እኮ አውቀው ነበር! ያላወቅኩት ፎርሙ የሚፈልገው ፓስፖርቴ ላይ ያለውን ፊደል እንዳለ መሆኑን ነው።

3. ከጠረጠርሽ የፓስፖርትሽን የፎቶ ገጽ ታች እዪ። ሁለት ረጃጅም የፊደልና የቁጥር መስመሮች አሉ። በላይኛው መስመር የአገራችን ምልክት የሆኑት ሦስት ፊደላት እንዳለፉ መጀመሪያ የሚመጣው ሰርኔምሽ ነው። ከዚያ የቀስት ጫፍ የሚመስሉ ሁለት ምልክቶች ይከተላሉ። ከነሱ በኋላ ያለው ሁሉ ጊቭን ኔም ነው። ኮምፒውተሩ የሚያነበው ይህን መስመር ነው። በሁለተኛው ዙር የሞላሁት ከዚሁ እየገለበጥኩ ነው፣ አንድ ሰው አልጠየቀኝም። ዛሬ የሰፈራችን ልጆች ፎርም ሲሞሉ መጀመሪያ የሚመጡት እኔ ጋ ነው።

አባትሽ ወይ አያትሽ ገብረ ሥላሴ፣ ኃይለ ማርያም የመሰለ ስም ካላቸው በተለይ ተጠንቀቂ። ፓስፖርቱ አንድ አድርጎ ከጻፈው አንድ አድርገሽ ጻፊ፤ ከለያየው ለያዪ። ሚድል ኔም የሚለውንም የአባት ስም ነው ብለሽ አትሙዪ። ለፈረንጆቹ ሚድል ኔም የሰውየው የራሱ ሁለተኛ ስም ነው። ግዴታ ካልሆነ ባዶ ተዪው።

ደግሞ ደብዳቤ ሲመጣልሽ አትደንግጪ። እኛ ወይዘሪት ብለን የራሷን ስም ነው የምናስከትለው፤ እነሱ ሚስ ብለው ሰርኔሙን ነው። እኔን በአያቴ ስም ሚስ እያሉ ሲጽፉልኝ መጀመሪያ ለሌላ ሰው የተላከ መስሎኝ ነበር።

ፎርሙን ሞልተሽ ስትጨርሺ ገንዘቡን ከመክፈልሽ በፊት ከፓስፖርቱ ስም ጋር በውስጥ መስመር ላኪልኝ። የፓስፖርት ቁጥሩን ሸፍኚው። ማታ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፊደል በፊደል አየዋለሁ።