ስለ ፎር ዊሜን ስኮትላንድ ፍርድ ጠይቁኝ

አንቀጽ፦ እሺ፣ መጥቻለሁ። ስለ ፎር ዊሜን ስኮትላንድና ስለ ብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ያላችሁን ጥያቄ አምጡ። ለማታውቁኝ፣ ግላስጎ ውስጥ በምክር ቢሮ ለዓመታት የአድልዎ ጉዳዮችን ስሠራ ኖሬአለሁ። ጠበቃ ግን አይደለሁም፣ የምጽፈውም የሕግ ምክር አይደለም። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። አንድ ልመና አለኝ፦ ፆታን በሕግ ማስለወጥ የሚፈቅደውን የ2004ቱን የፆታ እውቅና ሕግና አድልዎን የሚከለክለውን የ2010ሩን የእኩልነት ሕግ አትደባልቁብኝ። ግማሹ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚያ ነው።

ሰሚት፦ እትዬ አንቀጽ፣ እነዚህ ሴቶች እነማን ናቸው? ፓርቲ ናቸው እንዴ?

አንቀጽ፦ ፓርቲ አይደሉም። በ2018 የተሰባሰቡ ሴቶች ናቸው። የስኮትላንድ መንግሥት ሰው ያለ ሐኪም ማስረጃ፣ በራሱ ቃል ብቻ ፆታውን በሕግ እንዲያስለውጥ ሊፈቅድ ነው ሲባል ተነሱ። ካሜራ ፊት የምታዩአቸው ሱዛን ስሚዝ፣ ማሪዮን ካልደርና ትሪና በጅ ናቸው። ለክሱ ከደጋፊ አዋጡ፣ የሃሪ ፖተር ደራሲ ጄ ኬ ሮውሊንግም 70,000 ፓውንድ ሰጥታለች።

ባለታክሲው፦ ባጭሩ ንገሪን፣ ፍርድ ቤቱ ምን አለ?

አንቀጽ፦ ኤፕሪል 16 ቀን 2025፣ አምስቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ፦ በእኩልነት ሕጉ ውስጥ ሴት ማለት በተፈጥሮ ሴት ሆና የተወለደች ናት፤ በ2004ቱ ሕግ ፆታውን ላስለወጠ ሰው የሚሰጠው የፆታ እውቅና ሰርተፊኬት ያንን አይለውጥም። አጭሩ ይኸው ነው።

የማነብ ብቻ፦ ጉዳዩ የተጀመረው በመጸዳጃ ቤት ነው አይደል?

አንቀጽ፦ አይደለም! ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ጉዳዩ የተጀመረው ማንም ባላስተዋለው የቦርድ ወንበር ሕግ ነው። ስኮትላንድ በ2018 አንድ ሕግ አወጣች፦ በመንግሥት ተቋማት ቦርድ ውስጥ ሥራ አስፈፃሚ ካልሆኑት አባላት ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ። ጥሩ ሕግ ነው። ግን "ሴት" የሚለውን ሲተረጉም ትራንስ ሴቶችን፣ ማለትም ወንድ ሆነው ተወልደው ሴት ሆነው የሚኖሩትን፣ ሰርተፊኬት የሌላቸውንም ጭምር አስገባ። ሴቶቹ ከሰሱ። ፌብሩዋሪ 2022 ረቱ፤ ምክንያቱም የእኩልነት ጉዳይ የዌስትሚኒስተር፣ የለንደኑ ፓርላማ፣ ሥልጣን ነው፤ ኤድንብራ፣ ማለትም ስኮትላንድ፣ ትርጉሙን መንካት አትችልም።

መንግሥት ታዲያ ምን አደረገ? መመሪያውን አሻሻለና "እሺ፣ ሰርተፊኬት ያላቸው ብቻ ይካተታሉ" አለ። ሴቶቹ እንደገና ከሰሱ። ዲሴምበር 13 ቀን 2022 ዳኛ ሌዲ ሃልዴን ፈረዱባቸው። ኖቬምበር 2023 በይግባኝም ተረቱ። ከዚያ ነው ለንደን የደረሱት።

አሁን የምነግራችሁን ብዙ ሰው አያውቀውም። ሌዲ ሃልዴን ሰርተፊኬት በእኩልነት ሕጉም ፆታን ይለውጣል ብለው በፈረዱ በ9ኛው ቀን የስኮትላንድ ፓርላማ በራስ ቃል ፆታን የማስለወጥ ሕጉን 86 ለ39 አጸደቀ። ዕድሜውን ወደ 16 አወረደ፣ የሐኪም ማስረጃውን አስቀረ፣ የሁለት ዓመቱን ቆይታ ለአዋቂ ሦስት ወር አደረገው። የለንደን መንግሥት ደግሞ ጃንዋሪ 2023 ተነሳና "ሰርተፊኬት የእኩልነት ሕጉን የሚነካ ከሆነማ ይህ የናንተ ሕግ መላውን ብሪታንያ ይነካል" ብሎ የስኮትላንድ ፓርላማ ያጸደቀውን ለማገድ የሚያስችለውን የስኮትላንድ ሕግ አንቀጽ 35ን መዘዘ። ያ አንቀጽ ከዚያ በፊት ተሠርቶበት አያውቅም። ኤድንብራ ፍርድ ቤት ያሸነፈችበት ክርክር ፓርላማ ያጸደቀችውን ሕግ ቀበረባት። እኔ ይህን ፋይል የምወደው ለዚህ ነው።

ባለታክሲው፦ እትዬ፣ ረዘመ።

አንቀጽ፦ አጭር ስትፈልግ አጭር ሰጥቼሃለሁ። ወደ ላይ ሂድና አንብብ።

ሰላም ከብራይተን፦ የ2004ቱ ሕግ እኮ ሰርተፊኬት ያገኘ ሰው ፆታው "ለማንኛውም ጉዳይ" ይለወጣል ነው የሚለው። ዳኞቹ ያንን ሰረዙት ማለት ነው?

አንቀጽ፦ በመጨረሻ ያነበበ ሰው! አልሰረዙትም። አንቀጽ 9 ንዑስ 1 አንቺ ያልሽውን ይላል። ንዑስ 3 ደግሞ ሌላ ሕግ በተለየ ሁኔታ ከደነገገ ያኛው ይጸናል ይላል። ክርክሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው፦ ያኛው ሕግ በግልጽ መናገር አለበት ወይስ ከአጠቃላይ አነጋገሩ ከታወቀ ይበቃል? ዳኞቹ ይበቃል አሉ። ከዚያም የእኩልነት ሕጉን አንቀጽ በአንቀጽ ሄዱበት። የእርግዝና ጥበቃው "ሴት" ይላል። ሴት ሆኖ የተወለደ ትራንስ ወንድ ሰርተፊኬት ይዞ ቢያረግዝ በሕግ ወንድ ነውና ጥበቃው ሊያመልጠው ነው። ደግሞ ሰርተፊኬት ምሥጢር ነው። የመጠለያ ኃላፊዋ ማን እንዳለው ማን እንደሌለው በምን ታውቃለች? መጠየቅ እንኳ ጣጣ አለው። እንዲህ እያሉ ሕጉ ሊሠራ የሚችለው በአንድ ትርጉም ብቻ ነው ብለው ደመደሙ። እንደ ሕግ ንባብ አሳምኖኛል።

ሀብታሙ፦ ስለዚህ ትራንስ ሰዎች ከእንግዲህ መብት የላቸውም?

አንቀጽ፦ አላቸው። በእኩልነት ሕጉ ፆታ መቀየር ራሱን የቻለ የተጠበቀ ባሕርይ ነው፣ ሰርተፊኬትም አይጠይቅም። ትራንስ በመሆኑ ከሥራ የተባረረ፣ ቤት የተከለከለ፣ የተዋከበ ሰው መክሰስ ይችላል። ትራንስ ሴት ሴት ናት ተብላ ከተበደለችም በፆታ አድልዎ መክሰስ ትችላለች።

ነርሷ ከሊድስ፦ እኔ ለሴቶቹ አጨብጭቤአለሁ። ዋርድ ውስጥ የምናስተኛቸውን እናቶች አስቡ። የሀገራችንም አሉባቸው፣ አብዛኞቹ ራሳቸውን መከላከል አይችሉም። ለብቻ ይሁንልን ማለት ጥላቻ ነው?

ሰላም ከብራይተን፦ ጥላቻ ነው አላልኩም። ግን ሃያ ዓመት ሴት ሆና የኖረችዋ የት ትተኛ? ወንዶች ክፍል? አንድ ጎረቤት አለችኝ፣ ከፍርዱ ወዲህ ከቤት ስትወጣ ውሃ አትጠጣም፣ መጸዳጃ ፍለጋ እንዳትሳቀቅ። ችሎቱ ላይ ደግሞ አንድም ትራንስ ሰው ቀርቦ አልተሰማም።

ነርሷ ከሊድስ፦ የሰብአዊ መብት ድርጅቱ አምነስቲ ቀርቦ ተከራክሮላቸዋል እኮ።

ሰላም ከብራይተን፦ አምነስቲ ድርጅት ነው። ቪክቶሪያ ማክላውድ፣ ራሷ ትራንስ የሆነች የቀድሞ ዳኛ፣ ልግባ ብላ ጠይቃ አልተፈቀደላትም።

ዲያቆኑ፦ ወገኖቼ፣ ይህ ሁሉ የመጨረሻው ዘመን ምልክት ነው...

ባለታክሲው፦ ጀመረ ደግሞ! እዚህ ስለ ሕግ ነው የምናወራው፣ አቦ።

ዲያቆኑ፦ ሕግስ ከማን መጣ ትላለህ?

አንቀጽ፦ በቃ! ስብከቱ ለእሑድ ይቆይ። ነርሷና ሰላም ግን ቁም ነገር ላይ ናችሁ። የሰላም ልክ ነው፣ ማክላውድ አልተፈቀደላትም፣ ጉዳዩንም ወደ ስትራስቡርግ፣ ወደ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት፣ ወስዳዋለች። የነርሷም ልክ ነው፣ ሕጉ በቂ ምክንያት እስካለ ድረስ ለሴቶች ብቻ የሚሆን ዋርድ፣ መጠለያ፣ የምክር አገልግሎት ይፈቅዳል። የት ትተኛ ለሚለው ፍርዱ መልስ አልሰጠም፣ አልተጠየቀምም። መልሱ ያለው ለብቻ የሚዘጋ ክፍል በማዘጋጀት ነው፣ ያ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ስለ ገንዘቡ የሚያወራ ፖለቲከኛ አላየሁም። ከአምስቱ ዳኞች አንዱ ሎርድ ሆጅ ፍርዱን ሲያነቡ ይህን የአንዱ ወገን ድል፣ የሌላው ሽንፈት አድርጋችሁ አትውሰዱት ብለው ነበር። ደጅ ላይ ሻምፓኝ ሲከፈት አየን።

ጎል፦ ኳስ ላይስ?

አንቀጽ፦ ኳስ አልከታተልም። የእንግሊዝ ፌዴሬሽን ከጁን 1 ቀን 2025 ጀምሮ ትራንስ ሴቶች በሴቶች ውድድር እንዳይጫወቱ ወስኗል። ቀጣይ።

ሐበሻ በማልሞ፦ እኛ ጋ ስዊድንስ? ጀርመንስ?

አንቀጽ፦ የብሪታንያ ፍርድ እናንተን አይነካም። ጀርመን ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ በራስ ቃል ማስለወጥ ይቻላል። አየርላንድ ከ2015፣ ዴንማርክ ከ2014 ጀምሮ። ስዊድን በ2025 ሕጉን አቅልላለች፣ ግን አሁንም የሐኪም ወረቀት አለበት።

ታዛቢ፦ በእኛ ሀገርስ ቢሆን?

አንቀጽ፦ ምኑ? ጥያቄው ምንድን ነው? "ቢሆን" ብሎ ጥያቄ የለም። ኢትዮጵያ ፆታን በሕግ የማስለወጥ ሥርዓት የላትም፣ ስለዚህ የሰርተፊኬት ክርክር እዚያ አይነሳም።

ሀብታሙ፦ አልገባኝም፣ ሰርተፊኬቱ ታዲያ ምን ይጠቅማል፣ መብታቸው ከተነሳ?

አንቀጽ፦ ሀብታሙ፣ መብታቸው አልተነሳም ብዬሃለሁ። ሁለቱን ሕጎች አትደባልቅ! ሰርተፊኬቱ በ2004ቱ ሕግ መሠረት አሁንም ይሠራል፣ የልደት ወረቀትና ጋብቻን ለመሳሰሉት። ፍርዱ በተሰጠ ሰሞን ያላቸው ሰዎች በመላ ብሪታንያ 8,500 ገደማ ናቸው ይባል ነበር።

ሰሚት፦ መሥሪያ ቤታችን መጸዳጃውን ሁሉ የጋራ አድርጎታል። ይቻላል?

አንቀጽ፦ የ1992ቱ የሥራ ቦታ ደንብ የሴትና የወንድ ይለያይ ይላል። ልዩነቱ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል ከሆነ ነው። የናንተ የቱ እንደሆነ ሳላይ አልፈርድም። የሠራተኛ ማኅበራችሁን ጠይቂ። የሕግ ምክር አይደለም ብያለሁ።

ወይዘሮ ከቶተንሃም፦ እትዬ፣ እኛ 14 ሴቶች ሆነን ዕቁብ እንጥላለን፣ የአንዷ ባል ልግባ ብሎ አስቸግሮናል። አሁን በዚህ ፍርድ ልንከለክለው እንችላለን?

አንቀጽ፦ ያለ ፍርዱም ትችሉ ነበር! የእኩልነት ሕጉ ማኅበር የሚለው 25 አባልና ከዚያ በላይ ያለውን፣ አባል የሚገባበት ደንብና ምርጫ ያለውን ነው። 14 ሴት ዕቁብ ስትጥል ሕጉ አያያትም። 25 ብትሞሉም ሕጉ የሴቶች ብቻ ማኅበር ይፈቅዳል። ባልየውን በሚስቱ በኩል ንገሩት። ሌላ ጥያቄ ያለው ነገ ይምጣ፣ እኔ ሥራ አለብኝ።