መቻል ምን ያህል ነው የሚያክከው?

ጥያቄ፦ ያለሁት ማና ወረዳ ነው። መቻል የሚባል ውሻ አለኝ። በቆሎዬን ከዝንጀሮና ከከርከሮ የሚጠብቅልኝ እሱ ነው። ሁለት ወር ሆነው፣ ሰውነቱን ማከክ አላቆመም። መርፌ ተወግቷል። እኔ ለውጥ አላየሁበትም፣ ባለቤቴ ግን ተሽሎታል ትላለች። ሐኪሙ «ቀነሰለት ወይ?» ሲለኝ የምመልሰው ጠፋኝ። የተቃጠለ ዘይት ቀባው የሚሉኝም አሉ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በቅድሚያ ዘይቱን ይተዉት። የቆሰለ ቆዳ ላይ ሲደረግ ይብስበታል። ውሻ ደግሞ የተቀባውን ሁሉ ስለሚልስ ወደ ሆዱ ይገባና ይመርዘዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሐኪሙ እርስዎን የጠየቀው ወዶ አይደለም። ባለቤቱ «ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛንም» ያለው ውሻ ክሊኒክ ሲገባ ጭራውን ሆዱ ሥር ወሽቆ ድርቅ ሲል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ስለሚፈራ አንዴም አያክም። ሕመሙን የሚያየው አብሮት የሚውለውና የሚያድረው ሰው ብቻ ነው። «ብዙ ያካል» ማለት ግን አይበቃም። የእርስዎ «ብዙ» እና የባለቤትዎ «ብዙ» አንድ አይደለም።

ለዚህ አንድ ቀላል መለኪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሞ የወጣ ነው፤ የእንስሳት ቆዳ ሐኪሞች ዛሬም ይጠቀሙበታል። የልጅዎን ደብተርና ማስመሪያ ያምጡ። 10 ሳንቲ ሜትር መስመር ያስምሩ። ታች ጫፉ ላይ 0፣ ላይኛው ጫፍ ላይ 10 ይጻፉ።

0 ማለት ሳይታመም በፊት እንደነበረው ማለት ነው። 2 ከድሮው በትንሹ ከፍ ያለ ነው። 4 ላይ ቶሎ ቶሎ ያካል፣ ግን ሲበላ፣ ሲጫወትና ሲተኛ ይተወዋል። 6 ላይ ሌሊትም ሊነሳበት ይችላል፣ ሥራ ሲይዝ ግን ይረሳዋል። 8 ከሆነ ምግቡን አቋርጦ ያካል፤ ዝንጀሮ እያባረረ መሃል ላይ ቁጭ ብሎ የሚያክ ውሻ እዚህ ነው። 10 ላይ ፋታ የለውም፣ ሐኪሙ ፊትም ያካል።

በእግሩ ማከኩን ብቻ አይቁጠሩ። መዳፉን መላሱ፣ ጭራው ሥር በጥርሱ መንከሱ፣ ጎኑን አጥር ላይ ማሸቱ ሁሉም ማሳከክ ነው።

ምልክቱን የሚያደርገው አንድ ሰው ይሁን። እኔ ልጅዎን እመርጣለሁ፣ ማታ ማማው ላይ የሚያድረው እሱ ከሆነ። ውሻ ሲያክ የኋላ እግሩ እንጨቱን ድው ድው ሲያደርግ የሚሰማው እሱ ነው። በሳምንት አንዴ፣ ለምሳሌ በገበያ ቀን ማታ፣ ባዶ ገጽ ላይ አዲስ መስመር ያስምር። ያለፈውን ምልክት አያገላብጥ፤ ካየው እጁ ወደዚያው ይሄዳል። ከዚያ ከ0 ጀምሮ በማስመሪያ ይለካው። ባለፈው 7.5 የነበረው አሁን 5 ከሆነ፣ ባለቤትዎ ልክ ናቸው፤ እየተሻለው ነው፣ ግን ገና አልዳነም። 0 ካልደረሰ ብለው ደግሞ አይጨነቁ። ጤነኛ ውሻም አልፎ አልፎ ያካል፤ ሲለኩ አብዛኞቹ ከ2 በታች ነው የሚወጡት።

ቁጥሩ መጠኑን እንጂ ምክንያቱን አይነግርም። የት እንደሚያክ አብረው ይጻፉለት። ወገቡና ጭራው ሥር ከሆነ ቁንጫ ይጠርጥሩ። ፀጉሩን አበጥረው ጥቁሩን ብናኝ እርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ ያራግፉት፤ ቀይ ከለቀቀ የቁንጫ ኩስ ነው። የጆሮው ጠርዝና ክርኑ ከተላጠና ከቀረፈተ እከክ ሊሆን ይችላል። የጆሮውን ጠርዝ በጣትዎ ሲያሹት የኋላ እግሩ አየሩን የሚያክ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ይህን የሚያዩት ሐኪሙ ቆዳውን ፍቆ በማይክሮስኮፕ እንዲያይለት ነው። ፍቁ ባዶ ቢወጣም እከክ የለም ማለት አይደለም፤ እከኩን የምታመጣው በዓይን የማትታይ ተባይ ብዙ ጊዜ ታመልጣለች።

አንድ ነገር አደራ። ለከብት የተገዛ አይቨርሜክቲን የሚባለውን የተባይ መድኃኒት በራስዎ ግምት አይውጉት። በብዛት የሚሸጠው መርፌ 1 ሚሊ ሊትሩ ለ50 ኪሎ ከብት የተሰላ ነው። መቻል 20 ኪሎም ላይሞላ ይችላል። መመዘንና መወሰን የሐኪሙ ሥራ ነው። ደብተሩን ይዘውለት ይሂዱ።

ማማው ላይ የሚያድረው ልጅዎ እጁን ወይም ሆዱን ማሳከክ ከጀመረው ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። የውሻ እከክ ወደ ሰውም ይጋባል። እስኪጣራ ድረስ ከመቻል ጋር አንድ ብርድ ልብስ ላይ አይተኛ።