ሳንቲም የመሰለኝ ጥላሸት

ባለፈው ሰሞን አንዲት የቢሮአችን ወጣት መሐንዲስ «ጋሼ፣ ኢስታንቡል ላይ አንድ ቀን ትራንዚት አለኝ፤ ሱለይማንያ መስጊድን ለማየት ግማሽ ሰዓት ይበቃኛል?» አለችኝ። «ይበቃሻል» አልኳት። ማታ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጅቷን ዋሽቻታለሁ። ይኸው ለእሷም ለእናንተም እጽፋለሁ።

የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ለሥልጠና ሁለት ሳምንት እዚያው ከተማ ነበርኩ። አብረውኝ የሄዱት በዕድሜ የሚበልጡኝ ቀያሽ ናቸው፤ ቢሮው በሙሉ «ሀጂ» ይላቸው ነበር። በመጨረሻው ቀን «ና፣ የሲናንን ሥራ ሳታይ አትመለስም» ብለው ዳገቱን ይዘውኝ ወጡ፤ ሲናን ሱለይማንያን የሠራው አርክቴክት ነው። የእኔ ልብ ግን እታች ትልቁ ገበያ ውስጥ ነበር። ሳይዘጋ ደርሼ የቆዳ ጃኬት ልገዛ።

ጫማዬን በፌስታል ይዤ ገባሁና አንጋጥጬ ሠላሳ ስድስቱን ፊልም ልጨርስ ምንም አልቀረኝም። ሀጂ ሰግደው ሲያበቁ ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ። ምንጣፉን በእጃቸው መታ መታ አደረጉልኝ፤ ተቀመጥ ማለታቸው ነው። እኔ ሰዓቴን አሳየኋቸው።

ልወጣ ስል በሩ አጠገብ አንድ አዛውንት አገኙኝ። ወገባቸው ላይ የቁልፍ እስር አንጠልጥለዋል፤ የመስጊዱ ሠራተኛ መሆን አለባቸው። ቋንቋ አንግባባም። ካሜራዬን አዩ፣ ወደ መብራቶቹ ጠቆሙ፣ ቀጥለው ከበሩ በላይ ያለውን ግድግዳ አሳዩኝ። ከዚያ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን አፋተጉ። ሳንቲም! አልኩ በልቤ። ደግሞ በጣታቸው መዳፋቸው ላይ የሚጽፉ መሰሉ። ደረሰኝም አለው ማለት ነው ብዬ ሳቅኩ። ኪሴን ዳብሼ ያገኘሁትን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። ገንዘቡን አዩት፣ እኔን አዩኝ። መዳፌን ገልጠው ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ መለሱልኝና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ።

ነገሩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ስለ ሕንፃው ሳነብ ነው። መስጊዱ በተሠራበት ዘመን የሚበራው በዘይት መብራት ነበር። ሲናን የአየሩን መንገድ አስልቶ ጭሱ ከዋናው መግቢያ በላይ ወዳለች ክፍል እንዲሳብ አደረገ። እዚያ የተጠራቀመው ጥላሸት እየተፋቀ የጽሕፈት ቀለም ይሠራበት ነበር። አዛውንቱ ጣታቸውን ያፋተጉት ጥላሸት ሲሉኝ ነው። መዳፋቸው ላይ የጻፉትም ቀለም ሲሉኝ።

ይህ ሌላ ሰው ቢያመልጠው እሺ። የእኔ አያት ብራና ጸሐፊ ነበሩ። ልጅ ሆኜ የድስት ቂጥ እየፋቅኩ ጥላሸት አቀብላቸው ነበር፤ እሳቸውም ልክ እንደዚያ በሁለት ጣታቸው አፋትገው መላሙን ይለኩታል። «ገና ነው፣ ይሻክራል» ሲሉኝ እንደገና እወቅጣለሁ። ያንኑ ምልክት ባሕር ማዶ አንድ ሽማግሌ ሲያሳዩኝ ገንዘብ ታየኝ! በመብራቶቹ መሀል የሰጎን እንቁላል ተሰቅሏል፤ ሸረሪት እንዳያደራበት ነው ይላሉ። በቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ የሰጎን እንቁላል እያየሁ አድጌ እሱንም ልብ አላልኩትም። ጃኬቱ ደግሞ ጠበበኝ፤ ለታናሽ ወንድሜ ሰጠሁት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ጫማ ማውለቁን፣ ፀጉር መሸፈኑን፣ በሚሰግድ ሰው ፊት አለማለፉን ታውቂዋለሽ። ጉልላቱ ሥር ስትቆሚ ግን «ሲያምር!» ከማለትሽ በፊት ክብደቱ የት እንደገባ ፈልጊ። ስፋቱ 26.5 ሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታው 53፤ የስፋቱ እጥፍ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ጉልላት ወደ ታች ብቻ አይጫንም፣ ወደ ጎንም ይገፋል። እዚያው ከተማ ያለችው፣ ጥንት ቤተ ክርስቲያን የነበረችው አያ ሶፍያ እ.ኤ.አ. በ537 ተመርቃ፣ በመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድታ በ558 ጉልላቷ ተናደ፤ እንደገና ሲሠራም ከፍ ተደረገ። ሲናን ከ1550 እስከ 1557 ሱለይማንያን ሲያሠራ እሷን አጥንቷታል። በሁለቱ ወገን ግማሽ ጉልላቶች አስደገፈ። በቀሩት ሁለት ወገኖች ግዙፎቹን ደጋፊ ግንቦች ከፊሉን ወደ ውስጥ፣ ከፊሉን ወደ ውጭ አደረገና በመካከላቸው በረንዳ ሠርቶ ሰወራቸው። በረንዳ ታያለሽ እንጂ ድጋፍ አታይም። የዛሬ ልጆች ሶፍትዌሩ እሺ ካለ ኮለኑን (ምሰሶውን) ሳሎን መሀል ይገትሩታል። ንዴቴ ነው፣ ይቅርታ። እኛም በዘመናችን ያለ ሶፍትዌር ገትረናል።

ሲናን በ1588 ሲሞት የተቀበረው ከመስጊዱ ግቢ ቅጥር ወጣ ብላ ባለች ትንሽ መቃብር ውስጥ ነው። እሷንም አላየሁም።

ስለዚህ ትራንዚቱን አራዝሚው። ከዙሁር (ከቀትር) ሶላት በኋላ ገብተሽ የአስር (የከሰዓት በኋላ) ሶላት እስኪቃረብ ቁጭ በይ፤ ብርሃኑ በመስኮቶቹ ሲዞር ታያለሽ። የቤቱ ሰው ሊያሳይሽ ከመጣ ቋንቋ አልችልም ብለሽ አትሽሺ። ስልክሽንም ቦርሳ ውስጥ ክተቺው። አሁን አሁን ሰው ጀርባውን ለሚህራቡ፣ የሶላቱን አቅጣጫ ለሚያሳየው የግድግዳ ጎድጓዳ፣ ሰጥቶ የራሱን ፊት አንስቶ ነው የሚወጣው፤ ቤቱን ሳያየው።

እንዲህ እላለሁ እንጂ ሀጂ ካረፉ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል፣ እኔ ጋ ያለው የእሳቸው ፎቶ የዚያን ዕለት ያነሳሁት ብቻ ነው። እንኳን አነሳሁ። ግድግዳውን ተደግፈዋል፣ ምንጣፉን ሲመቱ እጃቸው ደብዝዟል። ከበስተቀኝ በሩ በከፊል ይታያል። ከበሩ በላይ ያለውን ቆርጬዋለሁ።