ስራ ከጀመርኩ በኋላ ልጄ ሌሊት በየሰዓቱ ይነሳል ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ቀን ቢሮ ሆኜ ነው ያየሁት፣ በሁለት ቃል የሚመለስ ስላልሆነ ልጆቹን ካስተኛሁ በኋላ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ ብዬ ነው የቆየሁት። ጥያቄሽ ልጄ 4 ወር ሊሞላው ነው፣ ስራ ከገባሁ 3 ሳምንቴ፣ በፊት ሌሊት 2 ጊዜ ብቻ ነበር የሚነሳው አሁን በየሰዓቱ ሆኗል፣ አማቴ ደግሞ ወተትሽ አንሶት ነው የጣሳ ወተት ጨምሪለት ትለኛለች፣ ምን ላርግ ነው ያልሽው። የኔም የመጀመሪያ ልጅ በዚሁ እድሜው እንደዚሁ ነው ያረገኝ፣ ስለዚህ ያየሁትን ሁሉ ልንገርሽ።

ከወሊድ በኋላ ያለችው 90 ቀን አልቃ ስራ ስገባ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል እወጣለሁ ማታ 12 ሰዓት ተኩል እገባለሁ፣ የታክሲ ሰልፍ ካለ 1 ሰዓትም ያልፋል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጀመረው። ማታ 3 ሰዓት ይተኛል፣ 5 ሰዓት ይነሳል፣ ከዛ 6፣ 7፣ 8 ሰዓት ተኩል፣ 9 ሰዓት ላይ ከነቃማ በቃ ኪዳኑ በማይክ እስኪሰማ ድረስ እሱን አቅፌ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ነው፣ ከዛ ፊቴን ታጥቤ ወደ ስራ። ሰው ሁሉ የየራሱን ይነግረኛል፣ አንዷ ዓይን ነው ትላለች፣ አንዷ ወተትሽ ቀጥኗል ትላለች፣ የገዛ እናቴ እንኳን ሆዱን ቆርጦት ነው ትንሽ ለጋ ቅቤ አስውጪው የአብሽ ውሃም በማንኪያ ስጪው አለችኝ። እነሱ ወደው ክፉ አይመክሩም እህቴ፣ እኛንም እንደዛ ነው ያሳደጉን፣ ግን እስከ 6 ወር ከእናት ጡት በስተቀር ውሃም ቢሆን አይሰጠው የሚባለው በምክንያት ነው፣ ሆዱ ትንሽ ነች፣ በውሃ ከሞላች ለወተቱ ቦታ የለም፣ ውሃው ደግሞ ተቅማጥ ሊያመጣበት ይችላል። አብሹን አንቺ ጠጪው እሱ ግን ይቅርበት።

የጣሳ ወተቱን ግን እውነቱን ልንገርሽ ሰጥቼዋለሁ። ከመተኛቱ በፊት ለአንድ ሳምንት ሰጠሁት፣ መነሳቱን አንዲት ሰዓት አልቀነሰልኝም፣ ይልቅ ቢሮ ውስጥ ይወጠር የነበረው ጡቴ መወጠሩን እየተወ መጣ። ጡት በተጠባ ቁጥር ነው የሚያመርተው፣ ሳይጠባ ሲቀር እሱም ይቀንሳል። ሐኪም አይቶት ክብደቱ አልጨመረም ካለሽ ሌላ ነገር ነው ያኔ ስጪው ምንም ማለት አይደለም፣ ሌሊት ስለተነሳ ብቻ ግን ወተቴ አነሰ ብለሽ አትደምድሚ።

ነገሩ የገባኝ በደብተር ነው። ሞግዚቷን አልቤ በጡጦ ትቼልሽ ከምሄደው ስንት እንደጠጣ ሰዓቱን እያየሽ ጻፊልኝ አልኳት፣ እኔም የሌሊቱን ጻፍኩ። አርብ ማታ ቁጭ ብዬ ሳየው 3 ጡጦ ባለ 120 ሚሊ ትቼ ሄጄ ልጁ ቀኑን ሙሉ የጠጣው 150 ሚሊ ብቻ ነው፣ ማታና ሌሊት ደግሞ 7 ጊዜ ጠብቷል። ልጁ ቀን እናቱን እየጠበቀ ማታ ስትመጣ የቀኑን ያካክስ ነበር ማለት ነው! ያቺን ገጽ እያየሁ አለቀስኩ፣ አንድ ወር ሙሉ ሲያስጨንቀኝ የከረመው ርሃብና ናፍቆት ነው ለካ።

ከዛ ያረግኩት ምን መሰለሽ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተኝቶም ቢሆን አንስቼ አጠባዋለሁ፣ ልወጣ ስል ደግሞ አንዴ። ሞግዚቷን ከ11 ሰዓት በኋላ ጡጦ እንዳትሰጪው አልኳት፣ ስገባ እጄን ታጥቤ ሌላ ስራ ሳልነካ ቀጥታ ጡት፣ ከመተኛቱ በፊት ሁለቱንም ጡት። ቀን ላይ ደግሞ ጡጦውን እየሞላች እንቢ ከሚላት ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ እንድትሰጠው፣ የለበስኩትን ነጠላዬን ትከሻዋ ላይ አርጋ፣ ቴሌቪዥን አጥፍታ። ነጠላዋ ሰራች፣ እዛ ላይ አፍንጫውን አርጎ ይጠባ ነበር አለችኝ። የታለበው ወተት ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን፣ ውጪ ከሆነ ደግሞ 4 ሰዓት ነው የሚቆየው፣ መብራት ሲጠፋ ይሄን አትርሺ። ቅዳሜና እሁድ ጡጦ የሚባል የለም፣ ቀኑን ሙሉ እኔ ጋ።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ 4 ወር አካባቢ የህፃን እንቅልፍ ራሱ ይለወጣል፣ እንደ ትልቅ ሰው ቀላልና ከባድ እንቅልፍ እየተፈራረቀ ይመጣና አንዱ ዙር ሲያልቅ፣ አንድ ሰዓትም ሳይሞላ፣ ብቅ ይላሉ። እኔ ገና እህ ሲል ብድግ አርጌ ጡት እከትበት ነበር፣ በኋላ ግን እጄን ደረቱ ላይ አርጌ ሁለት ደቂቃ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ፣ አንዳንዴ ዓይኑን ሳይገልጥ ተመልሶ ይተኛል፣ ካለቀሰ ግን አጠባዋለሁ፣ አስለቅሶ ማስለመድ የሚሉትን እኔ አልሞከርኩትም በዚህ እድሜም አልመክርሽም። ሌሊት መብራት አታብሪ፣ ስልክም፣ ካካ ካላለ ዳይፐሩን አትቀይሪ፣ አታውሪው። ጠዋት ደግሞ መጋረጃውን ክፈቺ ሞግዚቷም ፀሐይ ታሙቀው፣ ቀንና ሌሊቱን እንዲለይ።

አሁን የምነግርሽን ግን በደንብ ያዢው። አንድ ሌሊት ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ እያጠባሁት እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ባለቤቴ ውሃ ሊጠጣ ሲነሳ ልጁ በኔ ክንድና በሶፋው መሀል ተንሸራቶ ፊቱ ትራሱ ውስጥ ሊገባ ትንሽ ቀርቶት አገኘው። እስካሁን ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል። ድካም ሲበዛብሽ ሶፋ ላይ እንዳታጠቢ፣ እሱም የሚተኛው በጀርባው፣ ጠንከር ያለ ፍራሽ ላይ፣ ፊቱ አጠገብ ትራስም ጋቢም ሳይኖር ይሁን። ከዛ ሌሊት በኋላ ነው ባለቤቴ የነቃው፣ እሱ መስሪያ ቤት ለአባት የሰጡት ፈቃድ 3 ቀን ስለነበር ሌሊቱ የእናት ብቻ ነው ብሎ ነበር የያዘው። እስከ 6 ሰዓት እሱ ባለብኩት ወተት ይይዘዋል፣ እኔ ሌላ ክፍል ገብቼ እተኛለሁ፣ ከዛ በኋላ የኔ ተራ። ያቺ ሳትቆራረጥ የምትተኛት 3 ሰዓት ነፍስ ትዘራብሻለች። ባለቤትሽን ዛሬ ማታ አናግሪው፣ እርዳኝ ሳይሆን ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ያንተ ነው በይው።

ትኩሳት ካለው፣ መጥባት እንቢ ካለ፣ ሽንቱ ከቀነሰ (በቀን 6 የረጠበ ዳይፐር ካላገኘሽ) ወይም ለቅሶው ከወትሮው የተለየ ከሆነብሽ የሌሊት ነገር ነው ብለሽ አትቀመጪ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ እግረ መንገድሽን ክብደቱን ያዩልሽ፣ የ14 ሳምንቱን ክትባት ካልወሰደም ያኔ ይከተባል። የተከተበ ለታም አንድ ሁለት ሌሊት ይረበሻል።

የኔው በ2 ሳምንት ከ7 ወደ 3 ወረደ፣ 3ቱን ግን እስከ 8 ወሩ አልተወም። አንቺ እስቲ ከነገ ጀምሮ 3 ቀን ሞግዚቷን አስጽፊያትና ቀን ስንት እንደሚጠጣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚጠባ እዚሁ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።