ከዕፅዋት የተሠሩ እንክብሎች የስኳርና የኮሌስትሮል መድኃኒቴን ሊተኩልኝ ይችላሉ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 47 ዓመት፣ ቁመቴ 1.62 ሜትር፣ ክብደቴ 91 ኪሎ ግራም ነው። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም እንዳለብኝ ካወቅሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ለስኳሩ ሜትፎርሚን፣ ለኮሌስትሮሉ አቶርቫስታቲን እወስዳለሁ። በቅርቡ በአልትራሳውንድ ስታይ ጉበቴ ላይ ስብ መከማቸቱ ተነገረኝ። እኅቴ ቤርቤሪን የተባለ የዕፅዋት ውህድ እና ከአረንጓዴ ሻይ የተነጠረ ውህድ የያዙ እንክብሎች አምጥታልኛለች፤ ተፈጥሯዊ ስለሆኑ ጉዳት የላቸውም፣ ክብደትም ይቀንሳሉ ትለኛለች። መድኃኒቶቼን አቁሜ እነዚህን ብጀምር ምን ይላሉ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዋናውን ነገር ላስቀድምልዎ፤ መድኃኒቶችዎን አያቁሙ፣ እንክብሎቹንም ከሚከታተልዎ ሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ አይጀምሩ። ብዙ ሰዎች ጉበታቸው ላይ ስብ እንዳለ ሲሰሙ የኮሌስትሮል መድኃኒቱ የሚጎዳቸው ስለሚመስላቸው ያቋርጡታል። ይሁን እንጂ አቶርቫስታቲንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ስብ የተከማቸበት ጉበት ላላቸው ሰዎችም በጥቅሉ አስተማማኝ ናቸው፤ እንዲህ ዓይነት ሕመምተኛ ዋነኛ ሥጋቱ የልብና የደም ሥር በሽታ በመሆኑም በጣም ያስፈልጉታል።

«ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል መድኃኒትን ከመድኃኒት አይለይም። እርስዎ የሚወስዱት ሜትፎርሚን ራሱ መነሻው ጋሌጋ ኦፊሲናሊስ የተባለ ዕፅ ነው። የዕፁ ውህድ የደም ስኳርን ቢቀንስም መርዛማ ስለነበር፣ ተመራማሪዎች ተቀራራቢ ሆኖ ለሰው የሚስማማ ውህድ ሲፈልጉ ቆይተው፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን እ.ኤ.አ. በ1957 ሜትፎርሚን ለስኳር ሕመምተኞች ያለውን ጥቅም አሳወቀ። የአቶርቫስታቲን ቤተሰብ የሆነው ሎቫስታቲንም የተገኘው ከሻጋታ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ከየት መጡ የሚለው ላይ ሳይሆን፣ መጠናቸው በትክክል የተለካ፣ ጥቅማቸውም ጉዳታቸውም በብዙ ሰዎች ላይ ለረጅም ጊዜ የተጠና መሆኑ ላይ ነው።

ቤርቤሪን ፈጽሞ ዋጋ የለውም አልልዎትም። ሴሎች ኃይል ሲጎድላቸው የሚነቃውን ኤኤምፒኬ የተባለ ኢንዛይም ያነቃቃል፤ የደም ስኳርንና ኮሌስትሮልን በመጠኑ እንደሚቀንስ ያሳዩ ጥናቶችም አሉ። ነገር ግን አብዛኞቹ ጥናቶች ጥቂት ሰዎችን ለአጭር ጊዜ የተከታተሉ ናቸው፣ በክብደት ላይ የታየው ለውጥም አነስተኛ ነው። በእርስዎ ሁኔታ ይበልጥ የሚያሳስበኝ አቶርቫስታቲንን የሚያፈራርሰውን የጉበት ኢንዛይም ሊያዳክም መቻሉ ነው። ያን ጊዜ የአቶርቫስታቲኑ መጠን በደምዎ ውስጥ ሊጨምርና ጡንቻን ሊጎዳ ይችላል። ከሜትፎርሚን ጋር ሲደረብም የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ይብሳል። ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች ደግሞ አይፈቀድም።

ስለ አረንጓዴ ሻዩ ትንሽ ልዘርዝር። በሲኒ የሚጠጣው ሻይና በእንክብል የሚዋጠው አንድ አይደሉም። እንክብሉ ኢጂሲጂ የተባለውን ውህድ አከማችቶ የያዘ ሲሆን፣ በተለይ በባዶ ሆድ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን ከፍ ይላል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምገማ፣ በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ኢጂሲጂ በእንክብል መውሰድ የጉበት መጎዳትን የሚያመለክቱ ኢንዛይሞችን ከፍ እንደሚያደርግ ገልጿል። አንድ ጊዜ ዓይናቸው ቢጫ የሆነ፣ ሽንታቸው የጠቆረ አንዲት ታካሚ ወደ እኔ መጡ። ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ ብጠይቃቸው «ምንም» አሉኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ስጠይቃቸው ከቦርሳቸው የማቅጠኛ እንክብል ጠርሙስ አወጡ፤ ያልነገሩኝ ሊደብቁኝ ፈልገው ሳይሆን እንደ መድኃኒት ስላልቆጠሩት ነበር። ካቆሙት በኋላ ጉበታቸው ቀስ በቀስ አገገመ፤ ሁሉም ግን እንዲህ አይታደልም።

ሌላም ሥጋት አለ። ሲቡትራሚን የተባለው የማቅጠኛ መድኃኒት ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለአንጎል ምት ስለሚያጋልጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ቢወጣም፣ «ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ» ተብለው በሚሸጡ ምርቶች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል።

ከተፈጥሮ የተገኘ ነገር መሞከር ከፈለጉ፣ እኔ የማስቀድመው በውኃ የሚሟሟ አሰርን፣ ለምሳሌ ሲሊየም የተባለውን የዘር ገለባ ነው። አንጀት ውስጥ እንደ ሙጫ ሆኖ ሐሞትን ይዞ ይወጣል፤ ጉበትም የጎደለውን ሐሞት ለመሥራት ኮሌስትሮልን ከደም ይስባል። ከበቂ ውኃ ጋር፣ ከመድኃኒትዎም ቢያንስ ሁለት ሰዓት አራርቀው ይውሰዱት።

ለጉበትዎ ግን የክብደት መቀነስን ያህል የተረጋገጠ ነገር የለም። ከክብደት 5 በመቶ ሲቀንስ የጉበት ስብ ይጎድላል፣ ከ7 እስከ 10 በመቶ ሲደርስ ደግሞ ብግነቱም ይሻላል፤ ይህም ለእርስዎ በግምት ከ6.5 እስከ 9 ኪሎ ግራም ማለት ነው። በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ብቻ አልወርድ ካለዎት ራስዎን አይውቀሱ፤ ሰውነት የቀነሰውን ክብደት ለመመለስ ብርቱ ትግል ስለሚያደርግ፣ እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች ይስማሙዎት እንደሆነ ሐኪምዎን መጠየቅ ተገቢ ነው።

በሚቀጥለው ቀጠሮዎ የእንክብሎቹን ጠርሙሶች ይዘው ይሂዱ። ሐኪምዎ የጉበት ኢንዛይሞችዎንና የፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ የደም ክፍሎች) ቁጥርዎን ከዕድሜዎ ጋር አስልቶ ጉበትዎ ጠባሳ መያዝ አለመያዙን እንዲገምትልዎም ይጠይቁ። እንክብሎቹን ጀምረው ከሆነ ያቁሙ፤ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ ከጠቆረ፣ ሰውነትዎ ካሳከከ ወይም በቀኝ ጎንዎ ከጎድን አጥንት በታች ካመመዎት ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይታዩ።